ታሪፍ ሊመጣ ነው ብለው ጀልባ ለሚያስገዟችሁ

ሰላም ወገኖቼ። ሰሞኑን ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ ልጆች ስልኬን አላሳርፍ ብላችኋል። "ጋሼ፣ የአውሮፓ ጀልባ ታሪፍ ስላለበት የአሜሪካውን ብገዛ አይሻልም ወይ?" ነው ጥያቄው። ጀልባ የገዛ የሀገር ልጅ እኔ ብቻ እመስላችኋለሁ መሰለኝ፣ አይደለሁም፣ ሌሎቹ ግን አያወሩም፣ ለምን እንደማያወሩ ወደ ታች ስትደርሱ ይገባችኋል። ለሁሉም በተራ ከምመልስ አንዴ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

1. ታሪፉ ስንት ነው፣ ማንስ ነው የሚከፍለው

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ታሪፍ ሲባል ፊቱ ላይ የሚመጣው የታክሲ ረዳት ነው፣ መልስ አልሰጠኸኝም ብለን የምንጨቃጨቀው። ይሄኛው ቀረጥ ነው። የሚከፍለው ፈረንሳይ ወይ ጣሊያን ያለው ፋብሪካ ሳይሆን ጀልባዋን እዚህ የሚያስገባው አስመጪ ነው፣ ለአሜሪካ ጉምሩክ፣ ከዛ አስመጪው በዲለሩ (ጀልባ ሻጩ) ላይ ዲለሩ ደግሞ በናንተ ላይ ይጭነዋል።

ለረጅም ጊዜ ከውጭ የሚገባ የመዝናኛ ጀልባ ቀረጥ 1.5 ፐርሰንት ነበር፣ ማንም ከቁጥር አያስገባውም። 2025 ኤፕሪል ላይ በአብዛኛው አገር እቃ ላይ 10 ፐርሰንት መጣ፣ ለአውሮፓ ህብረት 20 ይሆናል ተባለ፣ በቀናት ውስጥ ለ90 ቀን ቆመ፣ ጁላይ መጨረሻ ላይ 15 ላይ ተስማሙና ከኦገስት ጀምሮ ተሰራበት። ጃፓንም 15፣ እንግሊዝ 10 ሆነ። ከዛ ነገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደ። ስለዚህ ቁጥሩን ከኔ ጽሁፍ ላይ አትውሰዱ፣ በምትፈርሙበት ቀን ያለውን ጠይቁ፣ ጀልባዋ ገና በመርከብ እየመጣች ከሆነ ደግሞ "በመሀል ታሪፉ ቢጨምር ማን ይከፍላል፣ ቢቀንስስ ለማን ይመለሳል" የሚለውን ውሉ ላይ አስጽፉ። በቃል የተባለ ነገር ዋጋ የለውም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ታሪፉ የሚሰላው መስታወቱ ላይ በተለጠፈው ዋጋ ላይ አይደለም፣ አስመጪው ከፋብሪካው በገዛበት ዋጋ ላይ ነው። ለምሳሌ አስመጪው በ100 ሺህ ዶላር ያስገባትን ጀልባ ዲለሩ 140 ሺህ ቢላት፣ በ15 ፐርሰንት ታሪፉ 15 ሺህ ነው። "በታሪፍ ምክንያት" ብሎ የ140 ሺውን 15 ፐርሰንት፣ 21 ሺህ የሚጨምርባችሁ ካለ 6 ሺዋ የራሱ ናት። ይህን ስትነግሩት ፊቱን እዩት።

2. የአሜሪካ ጀልባ የሚባለው ምኑ ነው የአሜሪካ

ገላዋ ፍሎሪዳ ወይ ኖርዝ ካሮላይና ተሰርቶ ሊሆን ይችላል፣ ከኋላ የተንጠለጠለው ሞተር ያማሃ ወይ ሱዙኪ ከሆነ በብዛት ከጃፓን ነው የመጣው፣ ፊት ለፊት ያለው የጋርሚን ስክሪን ታይዋን ነው የሚሰራው። ፖንቱን የሚባለው፣ ቤተሰብ የሚወደው፣ ከስር በሁለት ወይ በሶስት የአሉሚኒየም ቱቦ የሚንሳፈፈው ደግሞ ያው አሉሚኒየም ነው፣ የሚሰራውም በብዛት ኢንዲያና ኤልክሃርት አካባቢ ነው፣ ከውጭ በሚገባ አሉሚኒየም ላይ ግን 2025 ማርች 25 ፐርሰንት ተጣለ፣ ጁን ላይ 50 ሆነ። ታዲያ ከታሪፍ አመለጥኩ ያለው ሰው የት ነው ያመለጠው?

ተቃራኒውም አለ። ያማሃ ጃፓን ነው ብላችሁ የምትሸሹት ጄት ጀልባ ቴነሲ ቮኖር የምትባል ቦታ ነው የሚሰራው። የፈረንሳዩ ቤኔቶ በ1986 ሳውዝ ካሮላይና ማሪዮን ላይ ፋብሪካ ከፍቶ ለአመታት ጀልባ ሲሰራ ኖሯል። ስሙን አይታችሁ አትወስኑ። ጀልባዋ የኋላ ግድግዳ ላይ በቀኝ በኩል የተቀረጸ 12 ፊደልና ቁጥር ያለው መለያ አለ፣ እንደ መኪና ሻንሲ ቁጥር በሉት። ከፊቱ ሁለት የአገር ፊደል ካለ የት እንደተሰራች ይነግራችኋል፣ መጨረሻ ላይ ያሉት ሁለት ቁጥሮች የሞዴሉ አመት ናቸው። ሰልፊ ከመነሳታችሁ በፊት እሱን ፎቶ አንሱ።

ደግሞ የውጭው ሲወደድ የአገር ውስጡ ባለበት ይቆያል ብላችሁ አታስቡ። ጎረቤት ሱቅ ስኳር ላይ ሲጨምር ማዶ ያለው ባለሱቅ ዝም ሲል አይታችሁ ታውቃላችሁ?

የኔ ሀሳብ ይሄ ነው፤ ሸራ ጀልባ ካማራችሁ የአውሮፓውን መሸሽ ይከብዳል፣ ገበያው የነሱ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች ይዞ ፖቶማክ ወንዝ ወይ ቼሳፒክ ባህረ ሰላጤ ላይ ሁለት ሰአት መዞር ከሆነ ግን እዚሁ የተሰራች፣ ያገለገለች፣ 20 ጫማ አካባቢ የሆነች፣ ትሬይለር ላይ ተጭና ቤታችሁ የምታድር ትበቃችኋለች። እዚህ ያለች አሮጌ ጀልባ እንደገና ታሪፍ አትከፍልም። ፓርቷም ቅርብ ነው። እኔ ለአንዲት የመስኮት ጎማ ከአውሮፓ አምስት ሳምንት ጠብቄያለሁ፣ ዝናቡ ግን አልጠበቀኝም።

3. ፍሎሪዳ ያለችው ርካሽ ጀልባ

ማስታወቂያው ስር በትንሽ ጽሁፍ "በአሜሪካ ውሃ ላይ እያለች ለአሜሪካ ነዋሪ አትሸጥም" የሚል ካለ፣ የሌላ አገር ባንዲራ የምታውለበልብ፣ ቀረጧ ያልተከፈለ ናት ማለት ነው። ርካሽ የሆነችው ለዚህ ነው። እለፏት።

4. ጣና ወይ ሐዋሳ ልወስዳት ነው ለምትሉ

ይሄን ህልም አልነቅፍም፣ እኔም አልሜዋለሁ። ግን በ1.5 እና በ15 የተጨቃጨቀ ሰው አገር ቤት ሲደርስ ይስቃል። የኢትዮጵያ ጉምሩክ ዋጋውን የሚይዘው የመርከብ ኪራዩንና ኢንሹራንሱን ጨምሮ ነው፣ በዛ ላይ ቀረጥ፣ ከቀረጡ በላይ ሌላው ታክስ፣ ተጨማሪ እሴት 15፣ ሱር ታክስ 10፣ ዊዝሆልዲንግ 3፣ አብዛኛው አንዱ በአንዱ ላይ እየተደረበ ይሄዳል። የመዝናኛ ጀልባ በጉምሩክ የእቃ መለያ ቁጥር 8903 ነው የሚመደበው፣ ሰው የሚያጓጉዝ ከሆነ 8901 አለ፣ የትኛው እንደሆናችሁ ጅቡቲ ከመድረሷ በፊት በጽሁፍ አስወስኑ እንጂ ትራንዚተሩ "ችግር የለም" ስላለ አትላኩ። "ችግር የለም" የሚለው ቃል ስንት ኮንቴነር እንዳስቀረ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሁለት ነገር ደግሞ ሻጩ አይነግራችሁም። ጣና ከባህር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ነው፣ ቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 ፐርሰንት ያህል ጉልበት ያጣል፣ ስለዚህ እዚህ ሜሪላንድ አናፖሊስ፣ ባህሩ ዳር የበረረው ሞተር ባህር ዳር ላይ አንድ ስድስተኛውን ትቶ ነው የሚነሳው፣ ፕሮፔለሩ መቀየር አለበት። ሁለተኛው እምቦጭ ነው። ሞተሩ ራሱን የሚያቀዘቅዘው የሐይቁን ውሃ እየሳበ ነው፣ እምቦጭ መሳቢያው ላይ ከተጠመጠመ ይግላል፣ ከዛ ያው መካኒክ ፍለጋ ነው። ታንኳ ቀዛፊዎቹ ይህ ችግር የለባቸውም።

5. መቸኮል

ልናገር ያሰብኩት ይሄንን ነው፣ ከላይ ያለው መንደርደሪያ ነው።

በፈረንጆቹ 2018 ጸደይ ላይ ዜናው ሁሉ ታሪፍ ታሪፍ ነበር። እኔም አንድ ዲለር ጋ እየተመላለስኩ አንዲት ከአውሮፓ የመጣች ቆንጆ ጀልባ አያለሁ። ሻጩ ትከሻዬን ይዞ "ወዳጄ፣ ታሪፍ ሊመጣ ነው፣ በበጋው ይህን ዋጋ አታገኘውም" አለኝ። በሳምንቱ ፈረምኩ። ለባለቤቴ እንኳ የነገርኳት ማታ ነው።

የዛን ጊዜው ታሪፍ ምን እንደነበር ልንገራችሁ፣ እኔ የተረዳሁት ከሁለት አመት በኋላ ነው። አሜሪካ በብረት ላይ 25 በአሉሚኒየም ላይ 10 ጣለች፣ የአውሮፓ ህብረት በጁን አጸፋ ብሎ በአሜሪካ ጀልባ ላይ 25 ጣለ፣ ካናዳ በጁላይ 10 ጣለች። የተጎዳው ከዚህ ወደዛ የሚሄደው ጀልባ ነው። ከዛ ወደዚህ በሚመጣው ላይ ምንም አልተጨመረም፣ 1.5 እንደ 1.5ነቱ ቀረ። እኔ ተቃራኒ አቅጣጫ ከሚሄድ ታሪፍ ነው የሸሸሁት። ባልመጣ ጅብ በርግጌ ገደል ገባሁ እላችኋለሁ።

ገደሉ ሎኑ ነው። ዛሬ 60 ሺህ ዶላር በ7 ፐርሰንት ለ15 አመት ብትበደሩ በወር 540 ዶላር አካባቢ ነው፣ ጨርሳችሁ ስትደምሩት ወደ 97 ሺህ ይመጣል። ወለዱ ብቻ 37 ሺህ! 15 ፐርሰንት ታሪፍን የፈራ ሰው ይህን ሳይደነግጥ ይፈርማል። ከዛ ማሪና ላይ የምትቆምበት ኪራይ፣ ክረምት ሳይመጣ ሞተሩን አድርቆ መሸፈኛ፣ ከስሯ በየአመቱ የሚቀባ ቀለም፣ የቆዩ ጀልበኞች የዋጋዋን 10 ፐርሰንት በየአመቱ ያዝ ይላሉ፣ እውነታቸውን ነው። ታሪፍ አንዴ ነው፣ ይሄ በየአመቱ ነው።

ግን ገንዘቡም አይደለም ያንገበገበኝ። መጀመሪያ ያደረኩት ነገር ምን ይመስላችኋል? ፎቶ። መነጽር አድርጌ፣ ላይፍ ጃኬቱን ለቄንጥ ከፍቼ፣ መሪውን ይዤ፣ ደሴ ላለችው እናቴ ላኩላት። እህቴ ስልኩን ይዛላት እማዬ አየችውና "ይሄ ሁሉ ውሃ! አንተ ልጅ ዋና የት ተማርክ?" አለችኝ። አልተማርኩም። እስከ ዛሬም በደንብ አልችልም። ሃምሳ ሰው ፎቶውን አይቶ "እንኳን ደስ አለህ" ሲለኝ የገባት እሷ ብቻ ነበረች።

ከዛ ፎቶው በሰፈሩ ዞረ። እድር ላይ ሳይቀር ባለ ጀልባው ሆንኩ። ያኔ ጥያቄው ጀመረ፣ የአክስቴ ልጅ ባጃጅ ልግዛበት አለ፣ የቤተክርስቲያኑ ጣሪያ መጣ፣ ሰርግ መጣ። የለኝም እላለሁ። እውነቴን ነው፣ የለኝም፣ ግን ማን ያምነኛል? ማመንስ ለምን አለባቸው፣ ፎቶውን የላክሁት እኔው። ሌሎቹ ባለ ጀልባዎች የማያወሩት ለዚህ ነው፣ ብልጥ ናቸው።

2019 ክረምት ላይ አገሬ ልሄድ ነበር። ስድስት አመት ሙሉ አልሄድኩም። ያን ሰሞን ሞተሩ ተበላሸ፣ የማሪናውም ክፍያ ደረሰ፣ ቲኬትና ለሰው የሚያዝ እቃ ሲደመር አልሞላ አለኝ። ለእማዬ ደወልኩና "በሚቀጥለው አመት" አልኳት። እሺ ልጄ አለች፣ ምንም አላለችም። በሚቀጥለው አመት ማርች ላይ ዓለም ተዘጋ። በጥቅምት አረፈች፣ ቀብሯን በስልክ ነው ያየሁት፣ መስመሩ እየተቆራረጠ።

ጀልባዋን 2021 ላይ ሸጥኳት። ኮቪድ ያሰለቸው ሰው ሁሉ ጀልባ ይፈልግ ነበርና የገዛሁበትን ሊያክል ምንም አልቀረውም። "እድለኛ ነህ" አሉኝ።

ታዲያ አሁን እናንተ፣ ከመጣችሁ ሶስት አመት ያልሞላችሁ፣ ኡበር እየነዳችሁ፣ ትራክ እየነዳችሁ፣ ጀርባችሁ እየተቆረጠ ያጠራቀማችሁትን ዳውን ፔይመንት ይዛችሁ "15 ነው 10 ነው" ስትሉኝ ብበሳጭ አትፍረዱብኝ። ጀልባ አትግዙ አላልኩም። አንድ በጋ ተከራዩ፣ በሰአት የሚያከራይ ሞልቷል፣ ስንት ቅዳሜ እንደወጣችሁ ቁጠሩ። አስር ካልሞላ ተዉት። ዋና ተማሩ፣ ካውንቲው መዋኛ ሂዱ፣ ልጆቻችሁን ብቻ አይደለም፣ ራሳችሁ። "ዛሬ ካልፈረምክ ታሪፍ ይመጣል" ያለ ሻጭ ካለ የትኛው ታሪፍ፣ በየት አገር ጀልባ ላይ፣ ከመቼ ጀምሮ ብላችሁ በጽሁፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁት። እኔን ማንም አልከለከለኝም ነበር እኮ፣ ሶስት ጥያቄ ናት።

ቲኬቱን ግን መጀመሪያ ቁረጡ።

6. ወረቀት

ታይትል፣ ሬጂስትሬሽን፣ ኢንሹራንስ። ሜሪላንድ 5 ፐርሰንት ኤክሳይዝ፣ ቨርጂኒያ 2 ፐርሰንት ሆኖ ከ2 ሺህ ዶላር አይበልጥም፣ ሜሪላንድ ከጁላይ 1 ቀን 1972 ወዲህ ለተወለደ ሰው የጀልባ ደህንነት ሰርተፊኬት ይጠይቃል። ላይፍ ጃኬት ለሁሉም ሰው በልኩ፣ ዚፑም ይዘጋ፣ ለፎቶም ቢሆን።