ከደብዳቤዎቻችሁ፦ በነጠላ የተቋጠረው ኪኒን

ባለፉት ሳምንታት ስለ አእምሮ ሕመም የደረሱኝን ጥያቄዎች ሰብሰብ አድርጌ ልመልስ። ስማችሁንና ሰፈራችሁን ትቻለሁ፤ ረጅሙንም አሳጥሬዋለሁ። የአንዲት የኮምቦልቻ እህት ጥያቄ ግን ብዙ ቦታ ይወስድብኛልና ሌሎቻችሁ ታገሡኝ።

አስቸኳዩ ይቅደም

አንድ አባወራ ሚስቱ ከወለደች አሥራ አንድ ቀኗ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ትነሣለች፣ ትቀመጣለች፣ «ይሄ ልጅ የኔ አይደለም፣ ቀይረውብኛል» ትላለች። እናቱ «አራስ ብቻዋን ተትታ ተለክፋ ነው» ብለዋል። አርባ ቀኗ እስኪሞላ እንጠብቅ ወይ?

ወንድሜ፣ አይጠበቅም። ደብዳቤህ በደረሰኝ ቀን ደውዬልህ ወስደሃታል፤ እዚህ የምጽፈው ለሌሎች ነው። ከወሊድ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት እንዲህ በድንገት የሚመጣ ሕመም ከ1,000 ወላዶች አንዷን ወይም ሁለቱን ያገኛል። እንደ ደም መፍሰስ ቁጠሩት፤ የዚያኑ ቀን ሆስፒታል ነው። ትራሷ ሥር ያለውን ቢላ አንሡት። ለጥበቃ ተብሎ እንደሚደረግ አውቃለሁ፤ እናቴም ለእህቴ አድርጋላታለች። በዚህ ሕመም ውስጥ ላለች እናት ግን አደጋ ነው። እሷንና ሕፃኑን ለደቂቃም ብቻቸውን አትተዉ። ትኩሳት ካላት ለሐኪሙ ንገሩ፤ ከወሊዱ የመጣ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ይህ ሕመም በደንብ የሚታከም ነው።

«ድብርትና ድባቴ አንድ ነው?»

ድብርት ሁላችንንም ይይዘናል፤ ዝናብ ሲበዛም፣ ገበያ ሲቀዘቅዝም። ድባቴ የምንለው ሕመሙ ነው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል፣ ሰውን ይጫነዋል። ደስ ይለው የነበረው ሁሉ ጣዕም ያጣል፤ እንቅልፉና ምግቡ ይዛባል። የእኛ ሰው ደግሞ «አዘንኩ» ብሎ አይመጣም። «ራሴን ያቃጥለኛል፣ ወገቤን ይቆርጠኛል፣ ጉልበቴ ከዳኝ» ነው የሚለው። «አብሽር» ማለታችሁ ደግ ነው፤ ግን ለድባቴ አይበቃም። የምክር ሕክምና አለ፣ መድኃኒት አለ። መድኃኒቱ ለውጥ ለማሳየት ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሳምንት ይፈልጋል። በአምስተኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብላችሁ አትጣሉት።

አንድ ነገር ልጨምር። የምትወዱት ሰው «መኖር ሰለቸኝ» ካለ፣ ራሱን ስለማጥፋት ያስብ እንደሆነ በግልጽ ጠይቁት። መጠየቅ ሐሳቡን አይሰጠውም፤ ብዙዎችን ያቀልላቸዋል። «አዎ» ካላችሁ ብቻውን አትተዉት፣ በዚያው ቀን ይዛችሁት ሂዱ።

ሐረጎ ላይ የሚያስወርዳት ልብ

ከደሴ ኮምቦልቻ የምትመላለስ ነጋዴ ናት። የሐረጎ መታጠፊያ ሲጀምር ልቧ ይደልቃል፣ ትንፋሿ ያጥራል፣ እጇ ይደነዝዛል፣ «አሁን ሞትኩ» ትላለች። ሁለቴ ከሚኒባስ ወርዳ ተመልሳለች። ሦስት ቦታ የልብ ምርመራ አድርጋ ደህና ነሽ ተብላለች። አራተኛ ቦታ ልታይ?

አይ እህቴ፣ ገንዘብሽን ያዢ። የደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ ምርመራ ካላደረግሽ እሱን አንዴ አድርጊ፤ ልብሽን ግን ተይው። ይህ ፓኒክ የሚባለው ድንገተኛ የፍርሃት ሕመም ይመስላል። ጅብ ሳይመጣ ሰውነትሽ ጅብ የመጣ መስሎት ለሩጫ ይነሣል። በአብዛኛው በአሥር ደቂቃ ውስጥ ጣሪያው ላይ ይደርስና መውረድ ይጀምራል። እጅሽ የሚደነዝዘው አየር አንሶሽ አይደለም፤ ቶሎ ቶሎ ስትተነፍሺ በዝቶብሽ ነው። በአፍንጫሽ ቀስ ብለሽ አስገቢ፣ ከዚያ ረዘም አድርገሽ አስወጪ። በተለይ ከመኪናው አትውረጂ። በወረድሽ ቁጥር ሰውነትሽ «ማምለጤ ነው ያዳነኝ» ብሎ ይማራል። ቡናውንም ለመንገድ ቀን ቀንሺ፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥቶ ሐረጎን መውረድ ላንቺ አይሆንም። ካልተሻለሽ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ብትሄጂ ጥሩ ነው።

ውዱ አምስቴ፣ ስድስቴ

አንድ ወጣት ውዱ አድርጎ ይጨርስና «ክርኔ አልረጠበም ይሆን?» ብሎ እንደገና ይጀምራል። ጀመዓው ሰግዶ ሲበተን እሱ ገና ቧንቧው ሥር ነው። ኢማሙ «ወስዋስ ነው፣ አትስማው» ብለውታል። እሱ ግን ማቆም አልቻለም።

ኢማምህ እውነት ብለዋል፤ አንተም አልዋሸህም። በሽታ ሲሆን «አትስማው» ማለት ብቻውን አይበቃም። አንዱ እጁን ይታጠባል፣ ሌላዋ የተቆለፈ በር ሃያ ጊዜ ታያለች፣ ሦስተኛው ጸሎቱን ከመጀመሪያው ይደግማል። ሥሩ አንድ ነው። የእምነት ማነስ አይደለም። ሕክምናው ውዱን አንዴ አድርጎ ከነጥርጣሬው ወደ ሰላት መግባትን በእርዳታ መለማመድ ነው። መጀመሪያ ጭንቀቱ ይነሣል፤ ካልታዘዝከው ግን እየቆየ ይበርዳል። ፍሉኦክሰቲንን የመሰሉ መድኃኒቶችም ይረዳሉ፤ ውጤቱ እስከ ሦስት ወር ሊወስድ ስለሚችል ታገሥ።

አጫጭሮቹ

«የአእምሮ መድኃኒት ሱስ ያስይዛል?» አብዛኛው አያስይዝም፤ ዲያዚፓምና ዘመዶቹ ግን ያስይዛሉ፣ ስለዚህ ከጎረቤት ተቀብላችሁ አትዋጡ።

«ጫት ካቆምኩ ወዲህ ዱካክ እያስጨነቀኝ ነው።» (ተማሪ፣ ደሴ) ዱካክ፣ ጫት ሲቆም የሚመጣው ቅዠት፣ ያልፋል፤ ጥቂት ቀን ወይም ሳምንት ቢብስ ነው፣ ለዱካኩ ብለህ ወደ በርጫው አትመለስ።

«የሚጥል በሽታ የአእምሮ ሕመም ነው?» አይደለም፤ የአንጎል ሕመም ነው፣ በእኛ አገር ግን ብዙ ጊዜ እዚያው የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይታያል።

«ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ የገባ ጊዜ ካየሁት በኋላ ጎማ ሲፈነዳ መሬት እተኛለሁ፤ ሌሊት ያው ሕልም ነው።» ወንድሜ፣ ፈሪ ሆነህ አይደለም። ድንጋጤው፣ ቅዠቱና ያንን ሰፈር መሸሹ ከአንድ ወር አልፎ ከቀጠለ ስም ያለው፣ የሚታከም ሕመም ነው። ይህን ያህል ዓመት ብቻህን ይዘኸዋል። ሄደህ ለባለሙያ ተናገር።

«መድኃኒቱ መጀመሪያም አልሠራም ማለት ነው?»

የኮምቦልቻዋ እህት ደብዳቤ አራት ገጽ ነው። የሃያ ሦስት ዓመት ወንድሟ ፋብሪካ ይሠራ ነበር። መጀመሪያ እንቅልፍ ጠፋበት። ቀጥሎ ከሰው ሸሸ፣ መታጠብ ተወ። የሥራ ጓደኞቹ በስልኩ ውስጥ ሆነው ይሰልሉኛል አለ። ብቻውን ተቀምጦ ለማይታይ ሰው ይመልሳል። ቤተሰቡ ስምንት ወር ጠበል ለጠበል ተንከራተተ፤ ከዚያ ሆስፒታል ወሰዱት። ኪኒን ጀመረ፣ በሁለት ወር ተሻለው፣ ሥራ ልግባ አለ። እናቱ «ልጄ ድኗል» ብለው መድኃኒቱን አስቆሙት። በአራተኛው ወር ብሶበት ተመለሰ። አሁን ጓሮ ክፍል ውስጥ እግሩ ታስሯል።

እህቴ፣ መድኃኒቱ ሠርቷል። የቆመውም ስለሠራ ነው።

አንዲት እናት አይረሱኝም። ከገራዶ ልጃቸውን ይዘው መጥተው የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱልኝ። በላስቲክ የተጠቀለሉ ሠላሳ ሁለት ኪኒኖች ነበሩ፤ ቆጥረዋቸዋል። «ሲሻለው የተረፈውን ለክፉ ቀን አስቀመጥኩት» አሉኝ። ልጃቸው አጠገባቸው ሆኖ ከግድግዳው ጋር ያወራል። ቁርጭምጭሚቱ ላይ ገመድ የላጠው ቁስል ነበር። እኚህ እናት ግዴለሽ አልነበሩም። ለራስ ምታት ሲሻል ኪኒን ይቆማል፤ ለዚህም እንደዚያ መስሏቸው ነው። ቁጭ አድርጎ የነገራቸው ባለሙያ አልነበረም። ያ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልንገርሽ። ሐኪሙ «ስኪዞፍሬንያ» ብሎ የጠራው ሕመም ከመቶ ሰው አንዱን ገደማ ያገኛል፤ ብዙ ጊዜም በአሥራዎቹ መጨረሻና በሃያዎቹ ይጀምራል። የእናትሽ ጥፋት አይደለም፣ እርግማንም አይደለም። ሃሎፔሪዶልና ሪስፔሪዶን የመሰሉት መድኃኒቶች እንቅልፍ ማጣቱንና ቁጣውን በቀናት ያበርዱታል። ድምፁና ጥርጣሬው ለመርገብ ሳምንታት ይፈልጋሉ። ከተሻለው በኋላም ቢያንስ አንድ ሁለት ዓመት መቀጠል አለበት፤ እንደ ወንድምሽ የተመለሰበት ደግሞ ከዚያ በላይ። ደም ግፊት ያለበት ሰው ልኬቱ ሲስተካከል መድኃኒቱን እንደማይጥለው ነው። መቀነስ ቢያስፈልግ ቀስ በቀስ፣ ከሐኪሙ ጋር ተመካክሮ ነው።

መድኃኒቱ ሰውነቱን ሊያገትረው፣ እጁን ሊያንቀጠቅጠው፣ ለሃጩን ሊያዝረበርበው ይችላል። አንገቱ ወይም መንጋጋው ከተጣመመ በዚያው ሰዓት ውሰዱት። ይህን ያየ ቤተሰብ «መድኃኒቱ ገደለብን» ብሎ ይጥለዋል። ተመለሱና ንገሩን፤ መጠኑ ይቀነሳል፣ ማርገቢያ ይሰጣል፣ ወይም ይቀየራል። በየቀኑ መዋጥ ካስቸገረው በየወሩ ገደማ የሚወጋ መርፌ አለ።

ጠበሉን አቁሙ አልልም። አንድ አጥማቂ አባት ታማሚውን ራሳቸው እጁን ይዘው ክሊኒክ ሲያመጡ አይቻለሁ። ጠዋት ተጠምቆ ማታ ኪኒኑን መዋጥ ይችላል። የሚጾም ከሆነ፣ ረመዳንም ይሁን ዐቢይ ጾም፣ ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር ማስተካከል ይቻላል። «ከሁለቱ አንዱን ምረጡ» የሚላችሁን ግን አትስሙ።

ገመዱን በተመለከተ ለምኜሻለሁ። ያሰራችሁት ፈርታችሁ እንጂ ጠልታችሁት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ዛሬ ሁለት ሦስት የሚወዳቸውን ሰዎች ይዘሽ ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው። የሚያረጋጋው መርፌ ብዙ ጊዜ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይሠራል። የእግሩንም ቁስል አሳዩ። ስትመለሺ ደብዳቤ ሳትጠብቂ ደውዪልኝ፤ ቁጥሬን ልኬልሻለሁ።

ለሌሎች የኮምቦልቻና የአካባቢው ሰዎች፦ ደህና የነበረ ሰው በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ከትኩሳት ጋር ከተቃወሰባችሁ ወባ ወይም የአንጎል ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ቀን አትቁጠሩ፣ በቀጥታ ሆስፒታል ሂዱ።

«አዲስ አበባ አማኑኤል ድረስ መሄድ አለብኝ?»

ለመጀመሪያ አይደለም። ደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፤ ካስፈለገ እነሱ ይልኩሃል። ከዚህ በፊት የወሰድከውን መድኃኒት ካርቶንና ሁኔታህን የሚያውቅ አንድ ሰው ይዘህ ሂድ።