ልደትን ታኅሣሥ 16 ማክበር ይገባኛልን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ሆቴል እሠራለሁ። ውጭ አገር የሚኖረው ወንድሜ «ፈረንጆች የዘመን አቆጣጠሩን ሲያርሙ እናንተ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ቀራችሁ፤ ልደትንም በተሳሳተ ቀን ታከብራላችሁ። ዘንድሮ ከእኔ ጋር ታኅሣሥ 16 ጾሙን ፍቺ» ይለኛል። እንግዶቻችንም በዚያ ቀን ስለሚያከብሩ ልቤ ተከፍሏል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ልጄ፣ ጾሙን አትፍቺ። ምክንያቱን ግን ዘርዘር አድርጌ ልንገርሽ፤ ይህ ስሕተት በየጉባኤው የሚገጥመኝ ነውና።

ወንድምሽ ሁለት ነገሮችን ደባልቋል። የሰባትና የስምንት ዓመቱ ልዩነት ከአቆጣጠር እርማት ጋር ግንኙነት የለውም። ጌታ በየትኛው ዓመት ተወለደ ከሚለው ስሌት የመጣ ነው፤ እኛ የእስክንድርያን ሊቃውንት ተከትለን ከአዳም እስከ ጌታ ልደት 5500 ዓመተ ዓለምን ይዘን እንቆጥራለን፤ በሮም በኩል ደግሞ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዲዮናስዮስ የተባለ መነኩሴ በሌላ መንገድ አሰላው። የዓመቱ ቁጥር ተለያየ እንጂ ቀኑ አልተለያየም። የሮም ዲሴምበር 25 እና የእኛ ታኅሣሥ 29 በአንድ ዕለት ይውሉ ነበር!

ቀኑ የተለያየው ከዚያ ከሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። የድሮው ዓመት ከፀሐይ ዑደት በ11 ደቂቃ ያህል ስለሚረዝም፣ ፋሲካ የሚሰላበት የመጋቢቱ የቀንና የሌሊት እኩልነት ቦታውን ለቀቀ። ስለዚህ የሮሙ ጳጳስ ጎርጎርዮስ 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1582 ከሐሙስ ኦክቶበር 4 ቀጥሎ ያለው ዓርብ ኦክቶበር 15 ተብሎ እንዲቆጠር አዘዙ። ዐሥር ቀን ከወረቀት ተሰረዘ እንጂ ፀሐይ አልዘለለችም። በ1700፣ በ1800ና በ1900 ደግሞ እነርሱ ፌብሩዋሪን 29 ስላላደረጉ ልዩነቱ 13 ደረሰ። በ2100ም እንዲሁ ስለሚሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2101 ልደታችን ከጃንዋሪ 7 ወደ ጃንዋሪ 8 ይሻገራል።

ለፀሐይ ዑደት ይበልጥ የሚቀርበው የጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው። አንዳንዶች ቤተ ክርስቲያንን የሚከላከሉ መስሏቸው ይህን ይክዳሉ፤ አያስፈልግም። ብርሃናቱን «ለምልክቶች ለዘመኖች ለዕለታት ለዓመታትም ይሁኑ» ያለ እግዚአብሔር በእውነተኛ ስሌት አይነቀፍም። በዓልን በዓል የሚያደርገው ግን የደቂቃ ስሌት ሳይሆን የማኅበሩ አንድነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶችም ስለ ፋሲካ የደከሙት ክርስቲያኖች ሁሉ በአንድ ቀን እንዲያከብሩ ነበር። በዓላትንና አጾማትን የምናሰላበት የእኛ ባሕረ ሐሳብም ያንቀላፋ አይደለም። ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ዓመት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ የጌታ ፅንሰት ከሚታሰብበት ከመጋቢት 29 ጀምሮ ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ቆጥረን ልደትን ታኅሣሥ 28 እናከብራለን፤ በ2016 ዓ.ም. እንዲህ ነበር።

ለጣና ዳር ሰው ይህ ፈተና አዲስ አይደለም። ኢየሱሳውያን የተባሉት የሮም ካቶሊክ ሚስዮናውያን ጎርጎራ ላይ ተቀምጠው በነበረበት በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ ከሮም የተላከው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ በዓላትና አጾማት በሮም አቆጣጠር እንዲሆኑ አዘዘ። ሕዝቡ አልተቀበለም፤ ብዙ ደም ፈሰሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1632 ንጉሡ የአባቶችን ሃይማኖት መለሱ። በግድ ያልተወሰደውን አንቺ በአንድ የስልክ ጥሪ ትሰጪዋለሽን?

እንግዶቹን ግን በደስታ አስተናግጃቸው፤ እንኳን አደረሳችሁም በያቸው። ሐዋርያው በሮሜ 14 እንዳስተማረው ቀንን የሚያከብር ለጌታ ብሎ ያከብራልና አትፍረጂባቸው። ለወንድምሽም ቁጣ አይገባም። ባለበት አገር የእኛ ቤተ ክርስቲያን ካለች በዋዜማው ሌሊት ወደ ማሕሌቱ እንዲሄድ ንገሪው። አንቺም የሥራ ተራሽን ከአሁኑ አስተካክዪ፤ ከልደት ቅዳሴ እንዳትቀሪ።