የክፉ ቀን ቆርቆሮና የቀረችው መጫሪያ

«ኪስ ውስጥ በምትገባ ቆርቆሮ ለክፉ ቀን ምን ምን ልያዝ? በሚቀጥለው ወር ተራራ ልወጣ ነው» ብለህ ለጠየቅከው ወንድሜ። ከላይ የተሰጠህን መልስ ሁሉ አነበብኩት። ግማሹ ከውጭ ቪዲዮ የተቀዳ ነው። የዓሣ መንጠቆ፣ የወጥመድ ሽቦ፣ የሽቦ መጋዝ። አንዱማ ጥንቸል እንዴት እንደሚጠመድ አስረድቶሃል። እኔ ባሌ ተራሮች ውስጥ፣ ሳነቴ የሚባለው አምባ ላይ በዚያች ቆርቆሮ ተማምኜ ጉድ የሆንኩ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ትንሽ ላስረዝምብህ ነው፣ ታገሰኝ።

መቼም ባሌ ነው የምትሄደው ብዬ ነው የምጽፍልህ። ስሜን ወይ ወንጪ ከሆነም ያው ነው፣ ጉሙና ብርዱ አይቀርልህም።

1. መንጠቆውን አውጣ። ድንሾ አካባቢ ወንዞቹ ውስጥ ትራውት የሚባል ከውጭ አምጥተው የለቀቁት ዓሣ አለ፣ አልክድም። ግን መንገድ ጠፍቶህ፣ ጣትህ ደንዝዞ፣ በጨለማ ዓሣ አታጠምድም። ወጥመዱ ደግሞ ፓርክ ውስጥ ያስጠይቅሃል። ሰው አንድ ሌሊት ጦሙን ስላደረ አይሞትም። በብርድ ግን ይሞታል። ያችን ጠባብ ቦታ ለእሳት፣ ለድምፅና ለውሃ አውላት።

2. ቆርቆሮዋ። የእኔ ከአሜሪካ የመጣች የከረሜላ ቆርቆሮ ናት፣ ዘጠኝ በስድስት ሴንቲሜትር ገደማ። ካላገኘህ ተማሪዎች ኮምፓስና ፕሮትራክተር የሚይዙባት ቆርቆሮም ትሆናለች፣ ትንሽ ትረዝማለች እንጂ። ዋናው አዘጋግህ ነው። እኔ ውሃ እንዳይገባት ብዬ በኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጥቁር ፕላስተር አራት ዙር ጠቀለልኳት። ስታያት ታምራለች። ብርድ ላይ ግን የፕላስተሩን ጫፍ በጥፍር ማግኘት አትችልም። በጥርሴ ነው የቀደድኩት። አሁን ጎሚስታ ቤት ሄጄ የተጣለ የብስክሌት ከለመዳሪ ለመንኩና ሁለት ጣት ስፋት ያለው ቀለበት ቆርጬ አለበስኳት። በአንድ እጅ ይወልቃል። ጎማው ራሱ ርጥብ ሆኖም ይነድዳል። ጭሱ አያድርስ ነው እንጂ።

3. እሳት። እዚህ ላይ ብዙ አወራለሁ፣ ምክንያቱም የተቃጠልኩት (ቢቃጠልልኝማ ኖሮ) እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ ጥሩውን ልንገርህ። ጧፍ ያዝ። አዎ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ጧፍ። ሰም የለበሰ የጥጥ ክር ነው፤ በእጅህ ሙቀት ካለሰለስከው እንደ ገመድ ተጠቅልሎ የቆርቆሮዋ ወለል ላይ ይተኛል። የውጭዎቹ ሻማ ቆርጠህ ክተት ይሉሃል። ሻማ ወፍራም ነው፣ ቦታ ይበላል፣ ይሰበራል። የጧፉን ሐሳብ ከማንም አልሰማሁም፣ የራሴ ነው፣ እዚህ ግሩፕ ላይ ሌላ ሰው ሲጽፈው ካየህ ከእኔ ነው የወሰደው። ከጧፉ ጋር ጥጥ በቫዝሊን ለውሰህ ሁለት ሦስት ድብልብል አስገባ። አንዷ ድብልብል ሦስት አራት ደቂቃ ትነድዳለች።

ክብሪቱ ነው ጉዱ። የእኛን ክብሪት ድንጋይ ላይ ብትፍቀው አይነሳልህም። የሚያስነሳው ነገር ቀፎው ጎን ላይ ያለችው ቡናማ መጫሪያ ላይ ነው። እኔ ይሄን አውቅ ነበር! 2011 ላይ ቆርቆሮዋን ሳዘጋጅ 20 እንጨት ቆጥሬ፣ መጫሪያዋን በመቀስ ቆርጬ፣ ሁለቱንም በላስቲክ ጠቅልዬ ነው የከተትኩት።

በ2012 ጥር ላይ ግን ለጉዳይ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። የትኛው እንደሆነ ይቅር። በር ላይ ፍተሻ አለ። ቆርቆሮዋ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ እንዳለች ጭራሽ ረስቻለሁ። ጥበቃው ዳበሰኝና አወጣት። በጥቁር ፕላስተር የተጠቀለለች ቆርቆሮ። ጆሮው ሥር አድርጎ ነቀነቃት። ተንኳኳች።

«ይሄ ምንድነው?»

«ለክፉ ቀን ነው።»

«የማን ክፉ ቀን?»

ቤቴ ሆኜ ሳስበው ጥያቄው ልክ ነበር። በዚያን ሰዓት ግን ላብ በላብ ሆንኩ። ፈታት። ጠረጴዛው ላይ ዘረገፋት። ሽቦ፣ የባትሪ ድንጋይ፣ ምላጭ፣ ክብሪት፣ ሲባጎ። ከሁሉም በላይ ኮንዶም። ኮንዶሙ ውሃ ለመያዝ ነው፣ አንድ ሊትር ገደማ ይይዛል፣ ቅባት የሌለውን ፈልግ። ይሄን ነገር ሰልፍ መሃል ቆመህ ለጥበቃ አስረዳ እስቲ። ከኋላዬ የነበሩ እናት አንገታቸውን አስግገው አዩና «ልጄ፣ ሐኪም ነህ?» አሉኝ። አዎ ብዬ ብገላገል ይሻለኝ ነበር። ኃላፊው ተጠራ። ኃላፊው ሌላ ኃላፊ ጠራ። ከ40 ደቂቃ በኋላ ምላጩን ወሰዱና «ሰብስብና ሂድ፣ ሁለተኛ እንዲህ ዓይነት ነገር ይዘህ እንዳትመጣ» ብለው አምባረቁብኝ። ይቅርታ የለ፣ ምን የለ። ስገባ መስኮቱ ለምሳ ተዘግቷል።

ዕቃውን የሰበሰብኩት በንዴት ነው። መጫሪያዋ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ቡናማ ወረቀት ናት። ጠረጴዛው ላይ ቀረች። ቤት ገብቼ ሳልቆጥር፣ ሳላይ፣ እንደገና አራት ዙር ጠቀለልኩና ቦርሳዬ ውስጥ ወረወርኳት። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ከምናምን አልከፈትኳትም።

ሚያዝያ 2013። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ ሳነቴን ሰንጥቆ ያልፋል፣ ከፍታው 4,000 ሜትር ገደማ ነው። ሦስት ሆነን መኪናውን ዳር አቁመን ቀይ ቀበሮ ለማየት ወረድን። አየንም፤ አይጥ ስታድን፣ ጆሮዋን ቀስራ፣ እያደባች። በስልክ ለመቅረጽ ስንከተላት፣ ትንሽ ስንከተላት፣ ጉሙ መጣ። ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር የሚያህል ተራራ ነው፣ እሱ እንኳ ከዓይናችን ጠፋ፣ መኪናዋማ ምን ብላ ትታይ። መንገዱ በዚህ ነው፣ የለም በዚያ ነው ስንባባል መሸ። ካፊያው ጀመረ። አንድ የድንጋይ ጥግ ሥር ተወሸቅን።

እኔ ግን ተረጋግቻለሁ። እንዲያውም ደስ ሳይለኝ አልቀረም። ሁለት ዓመት ሙሉ የሳቁብኝ ጓደኞቼ ፊት «ቆይ» ብዬ ቆርቆሮዬን አወጣሁ። ፕላስተሩን በጥርሴ። ጧፉ አለ። ጥጡ አለ። ከድንጋዩ ሥር ደረቅ ጭራሮ ሰበሰብን። ክብሪቱ አለ፣ አንድም አልረጠበም። ከዚያ መጫሪያዋን መፈለግ ጀመርኩ። ላስቲኩን ገለበጥኩ። ጥጡን በተንኩ። ጓደኛዬ በስልኩ እያበራልኝ «ምን ጠፋህ?» ይለኛል። ድንጋይ ላይ ሞከርኩ። ዚፕ ላይ ሞከርኩ። የቆርቆሮዋ ቂጥ ላይ ሞከርኩ። የክብሪቱ ራስ እየተፈረፈረ ያልቃል እንጂ ወይ ፍንክች። 20 እንጨት ይዞ በብርድ መንቀጥቀጥ ምን እንደሚመስል ለጠላቴም አልመኝም።

ያዳነን ፊሽካው ነው። (ይሄ 4 መሆን ነበረበት፣ በቃ እዚሁ ይግባ።) ሦስት ጊዜ ንፋ፣ ዝም በል፣ አዳምጥ፣ ደግመህ ሦስት ጊዜ። ሦስት የድረሱልኝ ምልክት ነው፣ የባትሪ ብርሃንም ቢሆን እንደዚያው። ጩኸት ጉሮሮህን ይዘጋዋል፣ ፊሽካ ግን እስከተነፈስክ ድረስ ይሠራል። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ አንድ ሽማግሌ በፈረስ መጡ፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው። ኦሮምኛ የሚችለው ጓደኛችን አናገራቸው። መጀመሪያ ያሉት «በዚህ ሌሊት ምን ዓይነት ኳስ ነው የምታጫውቱት?» ነው አለን። ከኪሳቸው የክብሪት ቀፎ አወጡ። በላብና በዕድሜ የተለሰነ ቀፎ፣ ውስጡ ሁለት እንጨት ብቻ። የእኔን እንጨት በእሳቸው ቀፎ ጫርኩት። ጧፉ ወዲያው ያዘ። ያችን ብርሃን በመዳፋችን ከልለን ጎጇቸው ድረስ ሄድን፣ አሳደሩን። ጠዋት ጉሙ ሲገፈፍ መኪናችን ከዚያ ድንጋይ ግማሽ ኪሎ ሜትር አትርቅም ነበር።

ውርደቴ ግን አላለቀም። ከክዳኑ ውስጥ በፕላስተር የለጠፍኳቸው ሁለት ባለ መቶ ብር ኖቶች ነበሩኝ፣ ለክፉ ቀን ብዬ። ልሸልማቸው አወጣሁና በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። አገላብጠው አዩና ሳቁ። አሮጌው መቶ ብር ነው! መስከረም 2013 ላይ ብር ሲቀየር፣ ሦስት ወር ጊዜ ተሰጥቶ አገር ምድሩ ባንክ ሲሰለፍ፣ የእኔዎቹ ፕላስተር ሥር ተኝተዋል። ከጓደኞቼ ተበድሬ ሰጠኋቸው፣ እሱንም በግድ ነው የተቀበሉት።

ስለዚህ ብር ያዝ፣ ግን የሚሠራ ብር፣ ዝርዝር ብር።

ውሃን በተመለከተ ባጭሩ። ማከሚያ እንክብል ስትገዛ ለስንት ሊትር እንደሆነ ማሸጊያውን አንብብ። ለ20 ሊትር የሚሆነውን አንድ ሊትር ውስጥ እንዳትከት። 30 ደቂቃ ጠብቅ፣ ውሃው በጣም ከቀዘቀዘ ደግሞ ጨምርበት። ካፈላህ እዚያ ከፍታ ላይ ውሃ 90 ዲግሪ ሳይሞላ ነው የሚፈላው፣ ስለዚህ ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ ተወው። መድኃኒት ከነማሸጊያው ቁረጠው፣ አለበለዚያ የትኛው የራስ ምታት የትኛው የተቅማጥ እንደሆነ አታውቅም። እስክሪብቶ ሳይሆን የእርሳስ ቁራጭ ያዝ። የሰው ስልክ ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፍ፣ ስልክህ ብርድ ላይ ቶሎ ይሞታል። ላይተርም ጨምር። ብርድ ላይ ጋዙ እንቢ ካለህ ብብትህ ሥር አሙቀው፤ ጋዙ ቢያልቅ እንኳ ብልጭታው ያንን የቫዝሊን ጥጥ በደንብ ከነጨኸው ያስነሳልሃል።

መጫሪያ አሁን ሦስት ቦታ አለኝ። አንዷ ክዳኑ ላይ ተለጥፋለች፣ አንዷ ከክብሪቱ ጋር ናት፣ አንዷ ቦርሳዬ ውስጥ። ባለቤቴ «ጥፋቱ የጥበቃው ሳይሆን ያንተ ነው፣ ከፍተህ ብታይ ምን ነበረበት?» ትላለች። እኔ አሁንም የጥበቃው ነው እላለሁ። ግን በየወሩ መጀመሪያ ላይ ቆርቆሮዋን ጠረጴዛ ላይ ዘርግፌ እቆጥራለሁ፣ አንዱን ክብሪትም እጭራለሁ፣ ልጆቼ እንደ በዓል ይጠብቁታል።

ስታዘጋጅ ፎቶ አንስተህ እዚሁ ለጥፍልን። ክዳኑን ከፍተህ ግን።