እረፍትም ሥራ ሲሆን፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ሰሞኑን የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ጥድፊያ ናቸው። በጥድፊያ የተጻፉም ይመስላሉ፤ አንድ አንባቢ ጥያቄያቸውን ሳይጠይቁ አመስግነው ተሰናብተዋል። እሳቸውን ትቼ ወደ ሌሎቹ ልለፍ።

ጥያቄ፦ እረፍት ማድረግ እንዳልረሳ የሚያስታውሰኝ ጥሩ የስልክ መተግበሪያ ይጠቁሙኝ።

መልስ፦ ስልክዎ ላይ ካሉት አንዱን ቢያጠፉ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ኑሯቸውን ለማረጋጋት ቆርጠው የተነሡ አንዲት እናት ናቸው። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ይነሣሉ። ተመስጦ፣ ስፖርት፣ የማስታወሻ ደብተር፣ ማታ ደግሞ ንባብ፤ ሁሉም በደቂቃ ተለክቷል። አንዱ ከተጓደለ ቀኑን ሙሉ ሲቆጫቸው ይውላል። መረጋጋት ለምን አቃተኝ ይላሉ።

መልስ፦ ሥራ በዛብኝ ብለው ተነሥተው በላዩ ሌላ ሥራ ስለ ደረቡበት ነው። ልቆጣዎት አልፈልግም፤ ግን ይህን መሰል ደብዳቤ በየጊዜው ይደርሰኛል። ሁሉም ‹‹ምን ልጨምር?›› ይላሉ፤ ‹‹ምን ልተው?›› የሚል እስካሁን አላጋጠመኝም። ተመስጦ መልካም ነው፣ ስፖርትም ጤና ነው። እየተቆጠሩ፣ ሲጎድሉም እያስወቀሱ ግን ልብን የሚያሳርፉበት መንገድ አይታየኝም። ሰው ሲጣደፍ ሰውነቱ አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉ የጭንቀት ሆርሞኖችን ያመነጫል፤ ልቡ ይፈጥናል፣ ጡንቻው ይወጠራል። ለስብሰባ ዘገየሁ ብለው ቢሮጡም ለተመስጦ ዘገየሁ ብለው ቢሮጡም ለሰውነትዎ ያው ነው።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት እንደሚተኙ ጽፈዋል። አሥራ አንድ ላይ ሲነሡ የተኙት 5 ሰዓት ነው፤ ለአዋቂ ሰው የሚመከረው ቢያንስ 7 ነው። ለመረጋጋት ሲሉ ከእንቅልፍዎ ላይ 2 ሰዓት ቀንሰዋል ማለት ነው። ደወሉን ያጥፉት። ለአንድ ወር ያህል ተመስጦውንም ደብተሩንም ይተዉና ይተኙ።

ቀጥሎ ባለፈው ሳምንት ለሰው እሺ ያሉትን ሁሉ ይጻፉ፤ ለባልደረባዎ የሚያርሙትን ጽሑፍ፣ ሳይፈልጉ የገቡበትን ኮሚቴ፣ ሁሉንም። ሁለቱን ይሰርዙ። እምቢ ሲሉ ሰበብ አይደርድሩ፤ ‹‹አይመቸኝም›› ይበቃል። ምክንያት ከዘረዘሩ ጠያቂው ለእያንዳንዱ መፍትሔ ይዞ ይመጣል። መሰረዙስ ቀላል ነው። ከዚያ በኋላ የሚገኘው ባዶ ሰዓት ግን ይከብዳል፤ ሥራ የበዛበት ሰው ተፈላጊ ሰው ነው ብለን ስላመንን፣ ሲቀልልን የተረሳን ይመስለናል። ‹‹ጊዜ የለኝም›› ስንል ከምሬቱ ሥር ትንሽ ኩራት አለች። እሷ እስካልተነካች ድረስ የትኛውም ፕሮግራም አያሳርፍም።

ጥያቄ፦ ከምሳ በኋላ ምንም ሳልሠራ መስኮት አጠገብ እቀመጣለሁ። ስንፍና ነው?

መልስ፦ አይደለም። ይቀመጡ።

ጥያቄ፦ እኔ ቤት ብገባም ሐሳቤ ቢሮ ያድራል፤ ልጄ የምትነግረኝን ሁለቴ ካልደገመችልኝ አልሰማትም።

መልስ፦ ተመራማሪዋ ሶፊ ሌሮይ እ.ኤ.አ. በ2009 እንዳሳየችው፣ አንድን ሥራ ሳንቋጭ ወደ ሌላው ስናልፍ የትኩረታችን ቅሪት በፊተኛው ላይ ይቀራል። ታዲያ ሁሉን ጨርሶ የሚወጣ ማን አለ? እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ የማሲካምፖና የባውማይስተር ጥናት ደግሞ ላልተጠናቀቀ ጉዳይ ቁርጥ ያለ ዕቅድ ማውጣት ብቻውን ሐሳቡን እንደሚያስታግሥ አሳይቷል። ከቢሮ ሳይወጡ በቁራጭ ወረቀት ላይ ይጻፉት። ‹‹ሪፖርት›› ብለው እንዳይተዉት፤ ‹‹ነገ ጠዋት መጀመሪያ ሁለተኛውን ሠንጠረዥ ከሒሳብ ክፍል አሃዝ ጋር አመሳክራለሁ›› ይበሉ። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ይደር።

ጥያቄ፦ ቁጭ ባልኩበት ልቤ ይመታል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ሙቀት አልችልም፤ ሳላስበው ክብደቴ ቀንሷል። ጭንቀት ስለሆነ የአተነፋፈስ ልምምድ ይንገሩኝ።

መልስ፦ አልነግርዎትም። ጭንቀት መሆኑን ማን አረጋገጠልዎ? አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ከልክ በላይ ሲሠራ እነዚህኑ ምልክቶች ያመጣል፤ በደም ምርመራም ይታወቃል። መታከም የሚችልን ሕመም ‹‹ረጋ በል›› በሚል ምክር ማስታመም እርስዎንም እኔንም ያስጠይቃል። በዚህ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ደረትዎን ካመመዎት ወይም ራስዎን ከሳቱ ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል ይግቡ። ስለ አተነፋፈስ ውጤቱን ይዘው ሲመለሱ እናወራለን።

ጥያቄ፦ በሳምንት 60 ሰዓት እሠራለሁ። አለቃዬ ‹‹ጊዜህን መምራት ተማር›› ይለኛል። ድክመቱ የእኔ ነው?

መልስ፦ የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠሩ ሰዎች ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠሩት ይልቅ በስትሮክ የመያዝ ዕድላቸው በ35 በመቶ፣ በልብ ሕመም የመሞት ዕድላቸው በ17 በመቶ ገደማ ከፍ ያለ ነው። በሥራ መዛልንም የጤና ድርጅቱ የሚገልጸው መላ ካልተበጀለት ሥር የሰደደ የሥራ ቦታ ጫና የሚመጣ ብሎ ነው። 60 ሰዓት የሚጠይቅን ሥራ በ40 ሰዓት የሚያስገባ የጊዜ አመራር እኔ አላውቅም። በእጅዎ ያሉትን ሥራዎች በሙሉ በወረቀት ጽፈው አለቃዎ ዘንድ ይግቡና ‹‹ከእነዚህ የትኛው ይቆይ?›› ይበሏቸው። ‹‹ሁሉም አስቸኳይ ነው›› ካሉ ዝርዝሩን ከነመልሳቸው በኢሜይል ይላኩላቸው።