ሾውሪልሽ ያምራል፣ ግን የምን ፊልም ነው?

ጥያቄው የመጣው ከፒያሳ ነው። ጠያቂያችን በቪዲዮ ፕሮዳክሽን ተመርቃ ሠርግና ማስታወቂያ ስትቀርጽ ቆይታለች። አሁን ፊልም ላይ መሥራት ትፈልጋለች። ሾውሪሏን (የሥራዎቿን ናሙና የሰበሰበችበትን አጭር ቪዲዮ) ያየ አንድ ፕሮዲውሰር ግን «ሥራሽ ያምራል፤ ኮሜዲ ይሁን ልብ አንጠልጣይ ግን አልገባኝም» ብሎ መለሳት። «ሌላ ሶፍትዌር ልማር ወይስ የተሻለ ካሜራ ልግዛ?» ትላለች።

እህቴ፣ ብርሽን ያዢ። ሁለቱም አያስፈልግሽም። የላክሽልኝን አይቼዋለሁ፤ ምስሎችሽ ጥርት ያሉ ናቸው። ችግሩ ሁሉም አንድ ዓይነት መሆናቸው ነው። ፍቅረኛሞቹ ካፌ ሲገናኙም፣ ሰውዬው ልጅቷን በጨለማ ሲከተላትም ያው ከለር፣ ያው የደበዘዘ ጀርባ፣ ያው ቀስ ያለ የካሜራ ጉዞ ነው። መክፈቻው ደግሞ መስቀል አደባባይን ከላይ የሚያሳይ ድሮን! ይሄ ሾት ለፍቅርም፣ ለወንጀልም፣ ለባንክ ማስታወቂያም ሲያገለግል ኖሮ ደክሞታል።

ተመልካች ታሪኩን ከመስማቱ በፊት ለመሳቅ ወይም ለመፍራት ይዘጋጃል። በአምባሳደር ሲኒማ በኩል ስታልፊ ፖስተር ካየሽ ርዕሱን አታንብቢ። ደማቅ ጀርባ፣ ተኳርፈው ጀርባ ለጀርባ የቆሙ ወንድና ሴት፣ ክብ ክብ ያለ ፊደል ካለ የፍቅር ኮሜዲ ነው። ግማሽ ፊት ጨለማ ውስጥ ከገባ ግን ሌላ ነገር ትጠብቂያለሽ።

ፊልሙ ውስጥም እንደዚያው ነው። ከመብራቱ ጀምሪ። ኮሜዲ ላይ ፊት ሙሉ በሙሉ መታየት አለበት፤ ቀልዱ ያለው ቅንድብና ከንፈር ላይ ነዋ! ስለዚህ ዋናው መብራት የሚጥለውን ጥላ በሁለተኛ መብራት ወይም በነጭ ፎም ታለሳልሺዋለሽ። ልብ አንጠልጣይ ስትሠሪ ያንን ሁለተኛ መብራት አጥፊው። ተመልካቹ ወዲያው «ይሄ ሰውዬ ምን ደብቋል?» ማለት ይጀምራል። ይህ የጥላ አጠቃቀም በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጀርመን ፊልሞች ላይ ጎልቶ ታይቶ፣ በ1940ዎቹ የአሜሪካ የወንጀል ፊልሞች መለያ የሆነ ነው። ዛሬም ይሠራል።

ከለሩንም ኤዲቲንግ ላይ ብቻ አትጠብቂ። ዋይት ባላንሱን (ካሜራው ነጭን የሚለይበትን ማስተካከያ) 3200 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) ላይ አድርገሽ 5600 አካባቢ በሆነ የቀን ብርሃን ቅረጪ፤ ምስሉ ሰማያዊ ይሆናል። ኤክስፖዠሩን (ካሜራው የሚቀበለውን የብርሃን መጠን) ዝቅ አድርጊው፤ ቀኑ ሌሊት ሊመስል ይችላል። አምስት ሳንቲም አላወጣሽም።

ሌንስ ላይም እንዲሁ ነው። 85 ሚሊ ሜትር ሌንስ ፊትን ከአካባቢው ነጥሎ ያሳምራል፤ ለፍቅር ይመቻል። 24 ሚሊ ሜትር ይዘሽ ፊት ላይ ስትጠጊ አፍንጫው ይተልቃል፤ ያ ወይ ያስቃል ወይ ያስፈራል። የትኛው እንደሆነ የሚወስነው መብራቱና ድምፁ ነው። ድምፅ ላይ ብዙ አልልሽም፤ ሙዚቃውን አጥፍተሽ የእግር ኮቴ ብቻ ተይውና ውጤቱን እዪው።

የፊልም ዘውግ (ኮሜዲን ከሌላ ዓይነት ፊልም) መቀላቀል ነውር ነው እያልኩሽ አይደለም። አስቀው አስቀው መጨረሻ ላይ የሚያስለቅሱ ፊልሞቻችን ብዙ ናቸው፤ እኔም እወዳቸዋለሁ። ግን ታስቦበት ይሁን። ሳይታሰብበት ሲቀር አዳራሹ ማልቀስ ባለበት ቦታ ይስቃል።

አሁን እንዲህ አድርጊ። ፒያሳ ካሉት አሮጌ ሕንፃዎች የአንዱን ደረጃ አስፈቅደሽ አንዲት ትዕይንት ቅረጪ፦ ልጅቷ ፌስታል ይዛ ስትወጣ ስልኳ ይጠራል፤ ቁጥሩን አይታ ትቆማለች። መጀመሪያ እንደ ኮሜዲ፦ ሙሉ ብርሃን፣ ልጅቷም ደረጃውም በሰፊው የሚታዩበት ሾት፣ ብዙ ሳይቆረጥ፤ ፌስታሉ ተቀዶ ሽንኩርቱ ሲንከባለል በአንድ ፍሬም ይታይ። ከዚያ እንደ ልብ አንጠልጣይ፦ አንድ መብራት ከጎን፣ ከዓይኗ ወደ ስልኩ፣ ከስልኩ ወደ በሩ መቁረጥ። ያው ልጅ፣ ያው ደረጃ፣ ያው ፌስታል። ሁለቱን አስከትለሽ የሾውሪልሽ መጀመሪያ ላይ አድርጊያቸው። ድሮኑን አውጪው።

ከመላክሽ በፊት ድምፁን ዘግተሽ ሙያውን ለማያውቅ ሰው አሳዪው። የትኛው እንደሚያስቅ፣ የትኛው እንደሚያስፈራ ካልለየ መልሰሽ ሥሪው። ስትልኪም «ማንኛውንም ሥራ እሠራለሁ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ከደብዳቤሽ ሰርዢ። ከላክሽልኝ እንዳየሁት እጅሽ መብራት ላይ ነው፤ «የመብራት ረዳት» ብለሽ አመልክቺ።