አንደኛ ክፍል ለተመደባችሁ

በቀደም አንዲት አዲስ መምህርት ደወለችልኝ። የጎረቤቴ ልጅ ናት። ከደሴ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ወጥታ ገጠር ተመድባለች፤ አንደኛ ክፍል ሰጥተዋታል። ስለ ደመወዝ ወይ ስለ ዝውውር ልታወራኝ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ «ጋሼ፣ ልጆቹን እንዴት ላስቀምጣቸው? በቁመት ነው?» አለችኝ። «አብሽሪ፣ መልሼ እደውልልሻለሁ» ብዬ ዘጋሁት። ለቀላል ጥያቄ መልስ አጥቼ አልነበረም። አንዲት ልጅ ትዝ ብላኝ ነው። ማታ ለእሷ የነገርኳትን፣ ዘንድሮ ከሕፃናት ጋር ለምትጀምሩ ለእናንተም ልጻፈው።

በ1970ዎቹ መጨረሻ ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወርደው መንገድ ዳር፣ አንዲት ትንሽ ትምህርት ቤት ውስጥ አስተምር ነበር። ያኔ ወደባችን አሰብ ነው። ከባድ መኪኖቹ ሲያልፉ የክፍሉ ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል፤ ልጆቹም ሁሉን ትተው ወደ መስኮቱ ይሮጣሉ። መጀመሪያ መጀመሪያ እቆጣ ነበር። በኋላ ሲሰለቸኝ «እንግዲያው ቁጠሯቸው» አልኳቸው። ተሳቢ ያለውን ለብቻ፣ የሌለውን ለብቻ፣ ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ። መደመርን ከዚያ የተሻለ ያስተማርኩበት ጊዜ ያለ አይመስለኝም። እሱ ግን ሌላ ወሬ ነው።

ምዝገባ መስከረም ላይ ነበር። የልደት ካርድ የሚባል ነገር አልነበረም። ልጁ ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሻግሮ ግራ ጆሮውን ከነካ ለትምህርት ደርሷል፤ ካልነካ ለከርሞ ይመለሳል። ይህቺ ልጅ ጆሮዋን ነክታ እጇ አልፎ ሄደ። ከብት ስትጠብቅ ቆይታ ስለመጣች ዘጠኝ ወይ ዐሥር ዓመት ሳይሆናት አይቀርም። ረጅም ናት። ደንቡ ደግሞ አጭር ከፊት፣ ረጅም ከኋላ ነው። ማን እንዳወጣው ጠይቄ አላውቅም። ወስጄ ከኋላ ግድግዳ ሥር፣ የጭቃው መደብ ላይ አስቀመጥኳት።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሥራችን ሀሁ ብቻ ነበር። እኔ ሰሌዳው ላይ በዘንግ እጠቁማለሁ፣ እነሱ ይጮኻሉ። ሰማንያ ልጅ ባንድ ላይ ሲጮህ መንገደኛው ሁሉ ቆም ብሎ ይሰማል። የእሷ ድምፅ ከሁሉም መሀል ተለይቶ ይወጣል። ጥቅምት ሳያልቅ ከሀ እስከ ፐ አንድም ሳትስት ትወርደው ጀመር። ርዕሰ መምህሩ ክፍል ሊያይ ሲመጣ ብድግ የማደርገው እሷን ነበር።

ከዚያ ወደ ጽሕፈት ገባን። ደብተሯን ስከፍተው ባዶ ነው። ወይም ደግሞ ጎኗ ያለችውን ልጅ ስህተት ሳይቀር ገልብጣለች። ቤቷ የሚነገረው ኦሮምኛ ነው፤ ያኔ ትምህርቱ ሁሉ በአማርኛ ስለነበር «ቋንቋው ይሆናል» ብዬ አለፍኩት። ቆይቶ ደግሞ ስንፍና መሰለኝ። እንዲህ ያለ አፍ ይዛ እጇ እንዴት እምቢ ይላል? አንድ ቀን ስትገለብጥ ያዝኳትና ክፍሉ ፊት አንበረከክኳት። ከጥምቀት በኋላ ቀረች። አባቷን መንገድ ላይ ሳገኛቸው «ትምህርቱ አልያዛትም» አሉኝ። እኔም «ምን ይደረግ» አልኩና ስሟ ላይ በቀይ አሰመርኩበት። በዚያ ዘመን ስም ላይ ማስመር ቀላል ነበር።

ብዙ ዓመት አለፈ። አንድ ሰኞ ባቲ ገበያ ወርጄ ዕጣን ስጠይቅ፣ ሻጯ የሰጠኋትን ብር አፍንጫዋ ሥር አስጠግታ አገላብጣ አየችው። ሐሰተኛ ብር መስሏት ነው ብዬ ትንሽ ከፋኝ። ቀጥላ እኔንም ጠጋ ብላ አየችኝና ሳቀች። «ጋሼ፣ ድምፅዎን ሰምቼ ነው የጠረጠርኩ» አለች። ስሟን ስትነግረኝ ምድር ጠበበችኝ። እሷ ግን ቂም የያዘች አትመስልም። እንዲያውም እየሳቀች ሀሁን ከገበያው መሀል አንበለበለችው፤ አንድ አልሳተችም።

«ያኔ ሰሌዳው ላይ ነገር ተጽፎ እንደነበር መች አውቄ» አለችኝ። «ልጆቹ ወደዚያ ሲያዩ አንቱን የሚያዩ ነው የመሰለኝ። እኔማ ዘፈን ነበር የመሰለኝ።»

ዘፈን ነበር የመሰለኝ አለች። የሩቁ አይታያትም ነበር፤ ሌላ ምንም ጉድለት አልነበረባትም። ከፊት ባስቀምጣት ኖሮ፣ ወይም አንድ ጊዜ ብቻ ሰሌዳው አጠገብ ጠርቼ «ይቺ ማን ናት?» ብዬ ብጠይቃት ኖሮ በመጀመሪያው ሳምንት ይታወቅ ነበር። አሁን የስልኳን መልእክት የሚያነብላት ልጇ ነው። ከሚያስፈልገኝ በላይ ዕጣን ገዝቼ ተመለስኩ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ድሮው ትምህርት ብዙ አሰብኩ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት የኔታ ዘንድ ነው። ጎረቤታችን ያሉት የሙስሊም ልጆች ደግሞ ሸሁ ዘንድ ሉሃቸውን፣ የእንጨት ሰሌዳቸውን፣ ይዘው ቁርአን ይቀራሉ። በጥላሸት ቀለም ይጻፍበታል፣ ሲታወቅ ይታጠባል፣ እንደገና ይጻፋል። ሁለቱም ቤት ጽሑፉ የልጁ ጭን ላይ ነው። እኛ በስንደዶ እያንዳንዷን ፊደል እየነካን እንሄዳለን። መምህሩም የሚሰማው ልጁን በየተራ፣ ለብቻው ነው። ሀሁን በቃል መሸምደድ ማንበብ እንዳይመስለን ደግሞ አቡጊዳ ነበረ፦ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። ተራው ተዘበራረቀ ማለት ዜማው አያድንህም፤ ፊደሏን ካላወቅሃት ትያዛለህ። እኛ ሰሌዳ ሰቀልንና ይህን ሁሉ ረሳነው። የኔታን ማሞገሴ እንዳይመስላችሁ። ኩርኩማቸው እስካሁን አናቴ ላይ አለ።

ስለዚህ ለጎረቤቴ ልጅ ያልኳት፣ «በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቋሚ ቦታ አትስጪያቸው» ነው። ዛሬ ከኋላ የነበረው ነገ ከፊት ይምጣ። አንቺ ዝም ብለሽ እይ። ማን ዓይኑን ያጨነቁራል? ከኋላው ቆመሽ ቀስ ብለሽ ስሙን ስትጠሪ ማን አይዞርም? ክፍሉ ከበቃሽ ስድስት ሜትር ለክተሽ ትልልቅ ምልክት እያሳየሽ በየተራ ጠይቂያቸው፤ አንዱን ዓይን በመዳፍ እያስሸፈንሽ። ለፊደል ጊዜ አለ፤ ዓመቱ ገና ነው። የጠረጠርሽውን ልጅ ወላጁን ጠርተሽ ንገሪ። ደሴ አካባቢ ከሆናችሁ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና አለ።

የቀረውን ውጭ አውጥታችሁ ሥሩት። አሸዋ ላይ በጣት ይጻፉ። «ለ»ን በጭቃ ይሥሯት፤ በእጁ የሠራትን ፊደል የማያይም ቢሆን ይዳስሳታል። ቆርኪና ጠጠር አስቆጥሯቸው። ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወቱ ማን ተራ እንደሚጠብቅ፣ ማን እንደሚገፈትር፣ ማን ዳር ቆሞ እንደሚቀር ታያላችሁ። እንቆቅልህ ስትሉ «ምን አውቅልህ» ብሎ የማይመልስ ልጅ ካለ ቋንቋው ይሆናል፤ እሱንም እወቁት። ዛሬ በዚያው በባቲ በኩል ሕፃናቱ በኦሮምኛ ይማራሉ፤ የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ካመጣቸው ነገሮች የምወደው ይህን ነው። ስለ ሰልፍና ስለ ጥፍር ፍተሻ አልነግራችሁም፤ ያን ታውቁታላችሁ።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። አሁን አሁን ወጣት መምህራን ክፍሉን ሙሉ እያዘመራችሁ በስልክ ቀርጻችሁ ቲክቶክ ላይ ትለጥፋላችሁ። ያምራል፣ እኔም አያለሁ። ግን አፉን ብቻ የሚከፍት ልጅ በቪዲዮ አይለይም። ስልኩን አስቀምጡና በረድፎቹ መሀል ጆሯችሁን ሰጥታችሁ ሂዱ። የእኛ ትውልድ ኩርኩም ያበዛ ነበር፣ እናንተ ደግሞ ጭብጨባ ታበዛላችሁ።

ይህን ሁሉ ብዬ መልሼ ልቃወመው መሰለኝ። ዝማሬውን አትተዉት። የኔ የልጅ ልጅ በታብሌት ፊደል ተምሮ ከ«ቀ» ቀጥሎ ማን እንደሚመጣ አያውቅም፤ መዝገበ ቃላት ሲሰጡት ይጠፋል። ዓይናፋርም ልጅ መጀመሪያ አፉን የሚፈታው ከሌሎች ጋር ሲጮህ ነው። እንግዲህ ሁለቱንም እንዴት እንደምታስታርቁት እናንተ ታውቃላችሁ፤ ጉልበቱ አላችሁ።

ቆላ የተመደባችሁ ደግሞ መስከረምና ጥቅምት ላይ ክፍሉ ቢሳሳ አትደንግጡ። ማሽላው እሸት ሲይዝ ልጆቹ ማማ ላይ ወጥተው በወንጭፍ ወፍ ይጠብቃሉ። ሲያበቃ ይመጣሉ፤ ረጃጅሞቹም የሚበዙት ከእነሱ መሀል ነው። ሲመጡ የተረፈው ቦታ የኋላው ብቻ ይሆናል። እነሱንም ከፊት አስቀምጣችሁ ከጨዋታው፣ ከአሸዋው ጀምሩላቸው። ዕቅዱ በሁለት ሳምንት ወደ ኋላ ይቀራል። ሱፐርቫይዘሩ ይቆጣል። ይቆጣ።