የጅምላ አደጋና የሆስፒታል ዝግጁነት፦ ከድሬዳዋና ከሐረር ለቀረቡ ጥያቄዎች መልስ

በድሬዳዋና በሐረር ሆስፒታሎች ድንገተኛ ክፍል ለዓመታት የሠራሁ ነርስ ነኝ። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚጎዳበት አደጋ ሲደርስ ሆስፒታል ምን ማድረግ እንዳለበት ለቀረቡልኝ ጥያቄዎች ከዚህ በታች መልስ ሰጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ በደንገጎ መንገድ በደረሰ የመኪና አደጋ ወንድሜ እግሩ ተሰብሮ ሆስፒታል ወሰድነው። ከእኛ በኋላ የደረሰ ሰው ግን ቀድሞ ገባ። ይህ አግባብ ነው?

መልስ፦ ወንድምዎን ፈጣሪ ይማርልዎ። ብዙ ተጎጂ በአንድ ጊዜ ሲመጣ ወረፋው በጉዳት ክብደት እንጂ በመድረሻ ሰዓት አይያዝም። በር ላይ ተጎጂዎችን የሚለየው ባለሙያ ለአንድ ሰው ያለው ጊዜ አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። በእግሩ መሄድ የሚችለውን አረንጓዴ ብሎ ወደ ሌላ ቦታ ይመራዋል። የቀረው አዋቂ በደቂቃ ከ30 ጊዜ በላይ የሚተነፍስ ከሆነ፣ ጥፍሩ ተጭኖ ሲለቀቅ ቀለሙ ለመመለስ ከ2 ሰከንድ በላይ ከወሰደ ወይም «እጄን ጨብጥ» ሲባል መጨበጥ ካቃተው ቀይ ምልክት ይደረግበትና ወዲያው ይገባል። ወንድምዎ ትንፋሹ ደህና ሆኖ፣ ደሙ ቆሞ፣ የሚሰማና የሚመልስ ከነበረ ቢጫ ነው፤ ሕመሙ ብርቱ ቢሆንም ጥቂት መጠበቅ ይችላል። እንዲያውም አብዝቶ ከሚጮኸው ይልቅ ድምፁ የጠፋው ነው የሚያስፈራን። ይሁን እንጂ ቤተሰብ ለምን እንደሚጠብቅ ሊነገረው ይገባል፤ ይህን የሚያስረዳ አንድ ሰው በር ላይ መመደብ የዝግጁነቱ አካል ነው።

ጥያቄ፦ አምቡላንስ እስኪመጣ ከመጠበቅ ተጎጂውን በባጃጅ ማድረስ አይሻልም?

መልስ፦ ብዙ ደም የሚፈሰውን ሰው ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ አጥብቀው እየተጫኑ በተገኘው መኪና ማድረስ ይሻላል። አንገቱን ወይም ጀርባውን የተጎዳ የሚመስለውን ግን እሳት ወይም ጎርፍ ካላስገደደ በስተቀር አያንቀሳቅሱት። ባጃጅ ላይ አጥፎ ማስቀመጥ ለእንዲህ ያለ ሰው አደገኛ ነው።

ጥያቄ፦ በድሬዳዋ መካከል የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ እንደ 1998ቱ ጎርፍ ቢሞላ ሆስፒታሎቻችን ምን መዘጋጀት አለባቸው?

መልስ፦ ሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በደጋው የዘነበው ዝናብ ሌሊት በደቻቱ ወርዶ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል፣ ብዙ ሺህ ሰውም አፈናቅሏል። ከዚያ አደጋ የምማረው የመጀመሪያው ነገር ሰዓቱ ነው፤ ሌሊት ሆስፒታል ውስጥ ያለው ተረኛ ብቻ ነው። ሁለተኛው ወንዙ ራሱ ነው። ደቻቱ ሲሞላ ከተማው ከዚራና መጋላ ተብሎ ለሁለት ስለሚከፈል፣ የሠራተኞች የስልክ ዝርዝር ማን በየትኛው ዳር እንደሚኖር ካላሳየ፣ ተሻግሮ መምጣት የማይችለውን ሰው እየደወልን ውድ ጊዜ እናባክናለን። ወዲያ ማዶ የቀረው ሐኪም ደግሞ በአቅራቢያው ወዳለ ጤና ተቋም እንዲሄድ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

ሦስተኛው ብዙም የማይነገር ነው። ጎርፍ ከሚያቆስለው የሚገድለው ሊበዛ ስለሚችል፣ ሆስፒታሉ ከአልጋ ባልተናነሰ የአስከሬን ማቆያና የጠፉ ሰዎች መመዝገቢያ ያስፈልገዋል። አስከሬን ወረርሽኝ ያመጣል የሚለው ፍርሃት በተፈጥሮ አደጋ ጊዜ በአብዛኛው መሠረት የለውም፤ ስለዚህ ማንነቱ ሳይታወቅ በጥድፊያ የሚቀበር ሰው ሊኖር አይገባም። ፎቶ፣ ልብስና የተገኘበት ቦታ ከተመዘገበ፣ ቤተሰብ ሙስሊምም ሆነ ክርስቲያን ወገኑን በሥርዓቱ መቅበር ይችላል። በቀጣዮቹ ቀናት ደግሞ ተቅማጥ ይመጣል፤ ኢንሱሊኑና የደም ግፊት መድኃኒቱ በጎርፍ የተወሰደበት ሰውም ይመጣል። ለእነዚህም ማሰብ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ በምሠራበት ሆስፒታል የአደጋ ዕቅድ ተጽፎ ተቀምጧል። ይህ አይበቃም?

መልስ፦ ዕቅዱን አውጥተው አንድ ነገር ይፈልጉበት፦ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ አደጋው መድረሱን አውጆ ሥራውን የሚመራው ማን ነው? መልሱ «ሥራ አስኪያጁ» ከሆነ ዕቅዱ ሌሊት አይሠራም፤ ሥራ አስኪያጁ ቤቱ ነው። ኃላፊነቱ ለሰው ስም ሳይሆን ለተረኛው የሥራ መደብ መሰጠት አለበት። የጥበቃው፣ የካርድ ክፍሉና የጽዳት ሠራተኛዋ ድርሻም በአንዲት ወረቀት ተጽፎ በየክፍሉ ይለጠፍ። ልምምዱም የሥራ ኃላፊዎች በሚገኙበት ረፋድ ብቻ ሳይሆን ሌሊትም ይደረግ።

ጥያቄ፦ መብራት ሲጠፋ ኦክስጅን ለምን ያህል ጊዜ ይበቃል?

መልስ፦ 40 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር በ150 ባር ግፊት ከተሞላ 6,000 ሊትር ያህል ኦክስጅን ይሰጣል። በደቂቃ 10 ሊትር ለሚወስድ አንድ ሕሙም ይህ 10 ሰዓት ገደማ ነው፤ ለአራት ሕሙማን ግን ሁለት ሰዓት ተኩል ብቻ። ይህን ስሌት ተረኛው ሁሉ በቃሉ ሊያውቀው ይገባል። ጀነሬተሩም ተነሥቶ መጥፋቱ ብቻ አይበቃም፤ የቀዶ ሕክምና ክፍሉን ጭነት ተሸክሞ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ በየወሩ መፈተን፣ ናፍጣውም በተረካቢው ፊት መለካት አለበት።

ጥያቄ፦ ወረርሽኝስ እንደ ድንገተኛ አደጋ ይቆጠራል?

መልስ፦ ያለ ጥርጥር። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ቺኩንጉንያ የተባለው በትንኝ የሚተላለፍ በሽታ ድሬዳዋ ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አሳምሟል። ትንኝ ነርስና ነዋሪ አትለይም፤ ስለዚህ በእንዲህ ያለ ወቅት ዕቅዱ ከሠራተኛው ብዙው ራሱ ታሞ እንደሚቀር አስቦ መሠራት አለበት።

ጥያቄ፦ የምኖረው ጀጎል፣ በግንብ የታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ ውስጥ ነው። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ አምቡላንስ በራችን ድረስ አይገባም። ምን እናድርግ?

መልስ፦ በየሰፈሩ አንድ ቃሬዛ ሁሉም በሚያውቀው ቤት ይቀመጥ፤ አራት ጎረምሶችም ተሸክሞ መውጣትን ይለማመዱ። አምቡላንስ ሲጠሩ የቤትዎን ቦታ ከማስረዳት ይልቅ በየትኛው የጀጎል በር እንደምትወጡ ይናገሩ፤ አንድ ሰውም በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቅ።

ጥያቄ፦ አደጋ በደረሰ ዕለት ደም ለመስጠት መሄድ ጥሩ ነው?

መልስ፦ ሐሳቡ የተቀደሰ ነው። ይሁንና የተለገሰ ደም ተመርምሮ እስኪያልፍ ጊዜ ስለሚፈልግ፣ በዚያ ዕለት ሕይወት የሚያተርፈው ቀደም ብሎ የተለገሰውና በደም ባንክ የተቀመጠው ነው። ደም በ2 እና በ6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ቢቀመጥም ከ35 ቀን በላይ አይቆይም። ስለዚህ አደጋ ሳይጠብቁ በየሦስት ወሩ ይለግሱ፤ በአደጋው ዕለት ግን ደም ባንኩ ጥሪ ካላቀረበ የሆስፒታሉን በር ለተጎጂዎች ይልቀቁ።